ካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ከፒራሚዱ በፊት ሮዳ ደሴትን እዩ

ባሕር ዳሬው መምህር · ሐሙስ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ። ለአጭር ስልጠና ካይሮ ከርሜ ተመልሻለሁ። ከመሄዴ በፊት ከዚህ መድረክ ብዙ ምክር ስለወሰድኩ፣ በተራዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው፤ የምኖረውም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ ነው። ስለ ውሃ ካበዛሁ ከዚህ የተነሳ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከኢትዮጵያ ወደ ካይሮ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን ለጊዛ ፒራሚዶች መስጠት የለበትም ባይ ነኝ። ፒራሚዶቹ የትም አይሄዱም። መጀመሪያ መታየት ያለበት በናይል መሀል ያለችው ሮዳ ደሴት፣ በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለው የናይል መለኪያ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ስለ ከተማዋ ጥቂት ልበል። ካይሮ ከዙሪያዋ ጋር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በአካል ያገኘሁት ግን ራምሴስ አደባባይ መንገድ ለመሻገር ስቆም ነው። የትራፊክ መብራት አለ፤ የሚጠብቀው ጥቂት ነው። የአገሬው ሰው እንዴት እንደሚሻገር ቆሜ ተመለከትኩ፦ አይሮጥም፣ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። አንድ ዓይነት እርምጃ ይዞ ይገባል፤ ሹፌሩ እርምጃውን አይቶ ዙሪያውን ያልፋል። አደጋው መሀል ላይ ማመንታት ነው። ክላክሱም እንደምናስበው ቁጣ ብቻ አይደለም። «ልለፍ ነው»፣ «አይቼሃለሁ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ ሁሉም በክላክስ ይባላል። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አልሰጠኝም፤ በኋላ ግን ጆሮዬ ለየው።

ጠዋት ከማረፊያዬ ስወጣ አንድ ወጣት በብስክሌት ሲመጣ አየሁ። በአንድ እጁ መሪውን ይዟል፤ በሌላው ራሱ ላይ የተሸከመውን የእንጨት ርብራብ ደግፏል። ርብራቡ ከልጁ ቁመት ይረዝማል፤ ላዩ ላይ ገና ትኩስ የሆነ ክብ ዳቦ እንደ ጡብ ተደርድሮበታል። በማይክሮባስና በታክሲ መካከል ሲጠማዘዝ አንዲት ዳቦ አልወደቀችም። መንገደኛው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ለእነሱ የየዕለት ነገር ነው።

ሌላም ልጨምር። ከባብ ዙዌይላ በስተ ደቡብ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት እናት ከሰገነታቸው ቅርጫት በገመድ አወረዱ። ውስጡ ገንዘብ ነበረበት። አትክልት ሻጩ ገንዘቡን ወሰደ፤ ቲማቲምና ለምለም አረንጓዴ ቅጠል ከተተ፤ መልሱን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠና ገመዱን ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገው። ቅርጫቱ ወደ ላይ ሄደ። ግብይቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም አልተነጋገሩም። አጠገባቸው ያለው ባብ ዙዌይላ ደግሞ በዚያ ዘመን ግብፅን ይገዙ የነበሩት ፋጢማውያን እ.ኤ.አ. በ1092 ያቆሙት የከተማ ቅጥር በር ነው። በካይሮ አሮጌ ነገር በአጥር ተከልሎ አይቀመጥም፤ ሰው ይኖርበታል፣ ልብስ ያሰጣበታል፣ ሽንኩርት ይሸጥበታል። ይህን በጣም ወደድኩት።

አንድ ምክር፦ የመኪና ታርጋና የገበያ ዋጋ እኛ በለመድነው አኃዝ አይጻፍም። ዜሮ ነጥብ ናት፤ ክብ የምትመስለው አምስት ናት። አሥሩንም ከመሄዳችሁ በፊት አጥኑ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ገበያ ውስጥ ግን ዓይን ይሆናችኋል።

አሁን ወደ ሮዳ። ከውጭ ሲታይ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ዘበኛው ሲከፍተው ውስጡ ቤት ሳይሆን ጉድጓድ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ፣ ደረጃው ግድግዳውን ታክኮ ወደ ታች የሚወርድ ጥልቅ ጉድጓድ። መሀሉ ላይ ስምንት ጎን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። በዓምዱ ላይ ክንድ በክንድ ምልክት ተቀርጿል። በግድግዳው ዙሪያ ስለ ዝናብ፣ ስለ ውሃና ስለ አዝርዕት የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች በጥንታዊው የኩፊ ጽሕፈት ተጽፈዋል። ያሠራው የአባሲዱ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 861። ናይል በተለያየ ከፍታ በተቆፈሩ ሦስት ዋሻዎች ወደ ጉድጓዱ ይገባ ነበር፤ ውሃው የደረሰበት ክንድ ይነበባል። 16 ክንድ ከደረሰ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ መንግሥትም ሙሉ ግብሩን ይጥላል። ካነሰ ረሃብ ይመጣል፤ እጅግ ከበዛም መንደር ይወስዳል። በጎርፉ ወራት የዕለቱን ጭማሪ በየመንገዱ እየዞረ የሚያውጅ ሰው ነበር።

እዚያ ዓምድ ሥር ቆሜ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። ያ ዓምድ ከሺህ ዓመት በላይ ሲያነብ የኖረው የእኛን ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደርና በኢሉባቦር የጣለው ዝናብ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ ወርዶ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ያ ጉድጓድ ውስጥ ክንድና ጣት ሆኖ ይቆጠር ነበር። አንድ ገበሬ ጮቄ ተራራ ሥር «ዘንድሮ ክረምቱ ዘገየ» ሲል፣ የካይሮ እህል ነጋዴም ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ይሰጋ ነበር፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። በፋጢማዊው ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1065 እስከ 1072፣ ናይል ተከታትሎ ሲያንስ ከተማዋ በረሃብ ተመትታ ነበር። ያንን ዘመን ሳስብ የእኛ ደጋ በእነዚያ ዓመታት ምን ይመስል እንደነበር መጠየቄ አልቀረም።

ዛሬ ጉድጓዱ ደረቅ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ካይሮ ላይ ጎርፍ አበቃ፤ ዋሻዎቹም ተዘግተዋል።

ፒራሚዶቹንም አይቻለሁ፤ ስለ እነሱ ሌላው ሰው ጽፎላችኋል።


የደብረ ማርቆስ ልጅ · ሐሙስ ሌሊት

መምህር፣ ጮቄን ስላነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእኔ ሰፈር ነው። ካይሮ የሄድኩት ለንግድ ነው፤ ስለ መለኪያው ሰምቼም አላውቅም ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ንፋስ ለመቀበል ቀስር አን-ኒል ድልድይ ላይ ይወጣል፤ በሁለቱም ጫፍ የነሐስ አንበሶች ያሉበት ድልድይ። ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ጋሪ የሚገፉ ሻጮች ቢጫ፣ ጠፍጣፋ ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግብጦ ነው! የእኛው ግብጦ፤ መራራው በውሃ እስኪወጣ ተዘፍዝፎ፣ በጨው፣ በከሙንና በሎሚ ተቀምሞ። እነሱ ቱርሙስ ይሉታል። እኛ ዘንድ አረቄ የሚወጣበትና በበዓል ዋዜማ የሚቆረጠም እህል፣ እዚያ የፍቅረኞች ቁርስ ሆኖ ሳገኘው ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሻጩም ቅርፊቱን በጥርስ እንዴት ፈልቅቄ እንደማወጣ ሲያይ አገሬን ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ተከራከረኝ።


ሰብለ ከፍራንክፈርት · አርብ ጠዋት

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት እንዴት ነው? በመጪው ነሐሴ ለመሄድ አስቤያለሁ። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያዊ መሆንዎን ሲያውቁ የግድቡን ነገር ያነሳሉ ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።


ባሕር ዳሬው መምህር · አርብ ከሰዓት በኋላ

ሰብለ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያ የኖረች ሴት ብትመልስልሽ ይሻላል።

ሁለተኛውን፣ አዎ፣ ያነሳሉ። ከአብዛኛው ሰው የሰማሁት «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር ግን ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ መስታወቱን አስተካክሎ አየኝና «ውሃችንን አታስቀሩብን» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ስጋት ነበረበት። እኔም የማስተምርበት አካባቢ ማታ ማታ በኩራዝ የሚያጠኑ ልጆች እንዳሉ ነገርኩት። በእሱ ጥቂት እንግሊዝኛና በእኔ ጥቂት አረብኛ ነው የተግባባነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ እሱ የሚንያ ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ዛሬም ሸንኮራ አገዳ እንደሚያለሙ፣ ውሃ በተራ እንደሚደርሳቸው አወራኝ። ስንለያይ እጄን ጨበጠ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከተመረቀ በኋላ እንኳ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ያለው አለመግባባት አልተፈታም፤ እኔና እሱም ታክሲ ውስጥ አንፈታውም። ነገር ግን ፊት ለፊት ተያይተን መነጋገራችን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።


ታዛቢው · አርብ ምሽት

ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ልጨምርበት። ናይልን መለካት በሮዳ አልተጀመረም። አስዋን አጠገብ ኤለፋንታይን ደሴት ላይ በፈርዖኖች አገር ከዚያ እጅግ የቀደመ መለኪያ አለ። ሮዳ ያለው የረጅም ልማድ የኋለኛው ምዕራፍ ነው። ሁለተኛ፣ «የእኛ ክረምት» ሲባል ነጭ ዓባይ ተረስቷል። ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩልም ይመጣል። ስሜቱን እጋራለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ነገ ለፖለቲካ ክርክር መሣሪያ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።


ባሕር ዳሬው መምህር · አርብ ምሽት

ኤለፋንታይንን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ትክክል ነህ። ስለ ነጭ ዓባይ ግን ዝርዝሩን እንየው፤ ጉዳዩ የሥራዬም ነው። ነጭ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይለዋወጥ ይፈሳል፤ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሱድ ረግረግ ሲያልፍ ከውሃው ብዙው ይተናል። በበጋ ግብፅን ያቆያት የነበረው እሱ ነው፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን የሮዳው ዓምድ የሚለካው ጭማሪውን ነው፤ ጭማሪው ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ ነው። በዓመት አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ሲሆን፣ በጎርፉ ወራት ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ «የእኛ ክረምት» ያልኩት በልክ ነው። ለክርክር መሣሪያ ይሁን ብዬ አልጻፍኩትም። እንዲያውም ያ ጉድጓድ ለእኔ የነገረኝ ተቃራኒውን ነው፤ ሁለት ሕዝብ በአንድ ዝናብ ሲጠግብና ሲራብ እንደኖረ ነው።


ኑር ዘሐረር · ቅዳሜ ጠዋት

አሰላሙ ዓለይኩም። መምህራችን ስለ ውሃው በደንብ ነግረውናል፤ እኔ ደግሞ ከእኛ የሄደው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ላስታውስ። ሰውም ሄዷል። የአል-አዝሀር መስጊድ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ970 ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የዕውቀት ማዕከል ሆኖ ኖረ። ተማሪዎች እንደየመጡበት አገር የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍል ነበራቸው፤ ክፍሉ ሪዋቅ ይባላል። ከእኛ አካባቢ፣ ከኢፋትና ከዘይላ አገር ለሚመጡ ተማሪዎችም የጀበርት ሪዋቅ ነበር። የዚያ ሪዋቅ ሼሆች ከነበሩት ቤተሰብ የተወለዱት ዓብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ከግብፅ ታላላቅ ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወርር በዓይናቸው ያዩትን በየዕለቱ መዝግበዋል። ካይሮ ተወልደው፣ ካይሮን ጽፈው፣ በቅድመ አያቶቻቸው አገር ስም ነው የሚጠሩት።

አል-አዝሀር ስገባ ጫማዬን አውልቄ በግቢው ነጭ እብነ በረድ ላይ ተቀመጥኩ። ከኢንዶኔዥያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሶማሊያ የመጡ ወጣቶች በየዓምዱ ሥር ኪታባቸውን ዘርግተው ይቀራሉ። እኔ ሐረር በልጅነቴ የቀራሁትን ኪታብ አንዱ ልጅ እጅ ላይ አየሁት።

የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ደግሞ የኢማም አሽ-ሻፊዒይን መቃብር ሳይዘይሩ አይመለሱ። ኢማሙ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ820 እዚያው ነው። ቀና ብላችሁ ጉልላቱን እዩ፤ ጫፉ ላይ ጨረቃ ብቻ ሳይሆን ትንሽ የመዳብ ጀልባ አለች። ለወፎች እህል ይደረግባት እንደነበር ይነገራል።


ዲያቆን ዘአንኮበር · ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ኑር ወንድሜ ጥሩ አስታወስህ። በእኛም በኩል ያለው እንዳይቀር።

አሮጌው ካይሮ ለመሄድ ሜትሮ ተሳፍራችሁ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ውረዱ። ሜትሮው እ.ኤ.አ. በ1987 ሥራ ሲጀምር በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከጣቢያው ስትወጡ የሮማውያን የባቢሎን ምሽግ ግንብ ከፊታችሁ ነው፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ አል-ሙዓለቃ፣ በምሽጉ በር ላይ ተንጠልጥላ ተሠርታለች። ትንሽ አለፍ ሲል የቅዱስ ሰርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመቅደሱ በታች ያለው ዋሻ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት እንደሆነ ይታመናል። እኔ በጽጌ ጾም ነው የሄድሁት። ማሕሌተ ጽጌ ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ ስደቷን እያሰብን ያደግን ሰዎች ነን፤ ያንን ጠባብ ደረጃ ወርጄ ድንጋዩን ስዳስስ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም።

ዓባሲያ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ናስር ጋር በሥፍራው ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ፓትርያርክ ሆነው የተቀቡት ካይሮ ላይ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ እጅ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ጳጳሳችን የሚመጣው ከግብፅ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሻገሩ መነኮሳታችን ሐረት ዙዌይላ በምትባለው ሰፈር ያርፉ ነበር፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም እዚያው ቆማለች። ጎብኚ የማይበዛባት ስለሆነች ጸጥ ብላችሁ ትጸልያላችሁ።

ለጿሚ የሚጠቅም ነገር፦ ኮፕቶችም እንደ እኛ ብዙ ይጾማሉ። «ሲያሚ» ካላችሁ የጾም ምግብ ይቀርብላችኋል። ኮሸሪ በየመንገዱ ነው፤ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽንብራ ተደባልቆ፣ የቲማቲም ስጎና ጥብስ ሽንኩርት ይደረግበታል። ሆድ ይይዛል፤ ከኪስም አይበልጥም።


ከማዲ የመጣችው · ቅዳሜ ሌሊት

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጽፋችኋል። እኔ ካይሮ ውስጥ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ስለ እኔዋ ካይሮም እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያ ትዝታዬ የወጥ ቤት መስኮት ነው። ከመስኮቱ የሚታየው የአየር ማውጫ ጉድጓድና የጎረቤት የልብስ ገመድ ብቻ ነበር። ማዲ ዛፍ የበዛበት፣ የውጭ አገር ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ እኔ ግን ዛፎቹን ያወቅኋቸው ቆሻሻ ለመጣል ስወርድ ነው። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዛብኝ፣ ደመወዜን ስታዘገይብኝ ቆየች። ስወጣም የተወሰነውን አልከፈለችኝም። ብዙ የአገሬ ልጆች ከዚህ የከፋ አይተዋል። ጥቁር በመሆናችን መንገድ ላይ የሚወረወርብን ቃል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ልጆች ይከተሉናል። ይህን የማነሳው ከተማዋን ለማጥላላት አይደለም። በጎብኚነት ለሳምንት የሚሄድ ሰውና መታወቂያው ያላለቀለት ሰው የሚያዩት አንድ ከተማ አይደለም።

ሰው ግን ሰው ነው። የሕንፃው በር ጠባቂ ሚስት ከላይኛው ግብፅ የመጡ ሴት ነበሩ። ረመዳን ላይ ማታ ማታ በሳህን ሸፍነው የሚልኩልኝ ምግብ ነበር፤ ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ። በረመዳን በየመንገዱ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ለመጣው ሁሉ ማፍጠሪያ ምግብ በነጻ ይቀርባል፤ ማን እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም። ሥራ ያጣሁ ጊዜ እዚያ በልቼ አድሬያለሁ።

አርብ የዕረፍት ቀናችን ነበር። ጠዋት ኮፕቶች ጋር ቅዳሴ እናስቀድሳለን፤ ቋንቋው ባይገባንም የዜማው መንፈስ ይገባናል። ከዚያ አንዷ ቤት ተሰብስበን ቡና እናፈላለን። ጤፍ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ እየተሻገረ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት እንጋግራለን። ታችኛው ፎቅ ያለው የካይሮ ቡና ቤት ውስጥ ወንዶቹ ጠወላ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የዳይሱ ድምፅ ወደ ላይ ይሰማናል። የሳቃቸውም እንደዚያው።

መምህር፣ ሮዳን በማይክሮባስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ያ ጉድጓድ እዚያ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም። ብነገርም የመግቢያ ትኬት የምቆርጥበት ቀን አልነበረኝም።


ባሕር ዳሬው መምህር · እሑድ ጠዋት

እኅቴ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ካይሮ በዚህ ገጽ ከተጻፈው ሁሉ የእርስዎ ይበልጣል። አሠሪዎ ያስቀሩብዎት ደመወዝ ላብዎ ነው፤ ይህ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ወደ ካይሮ ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ካሉ ይህን መልእክት እንዲያነቡት እለምናለሁ። የውል ወረቀታቸውንና የፓስፖርታቸውን ቅጂ አገር ቤት ለቤተሰብ ትተው ይሂዱ።

የእነዚያን ሴት ሳህን አልረሳውም።


የደብረ ማርቆስ ልጅ · እሑድ ከሰዓት በኋላ

እኔም አንድ የአጎቴ ልጅ እዚያ አለች። ዛሬ ደወልኩላት፤ ከጠየቅኳት ቆይቼ ነበር። አርብ አርብ እንደምታርፍ አረጋግጣልኛለች። ግብጦም እልክላታለሁ ስላት «እዚህ ሞልቶ!» አለችኝ።

አንድ ነገር ለመንገደኞች ልጨምር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። ወደ ከተማዋ የሚወስደው የአየር መንገድ ከሁሉም ይቀድማል ማለት ነው።


ሰብለ ከፍራንክፈርት · እሑድ ምሽት

ከማዲ የመጡት እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ካነበብኩ በኋላ ጉዞዬን አልሰርዝም፤ አካሄዴን ግን እቀይራለሁ። ነሐሴ ላይ ብሄድ ሙቀቱ እንዴት ነው? ለብቻዬስ ምን ልጠንቀቅ?


ከማዲ የመጣችው · እሑድ ሌሊት

ሰብለዬ፣ ነሐሴ ይፈጃል። የግድ ከሆነ ከጠዋቱ እስከ አምስት ሰዓት ውጪ፣ ከዚያ ቤት ግቢ፣ ከፀሐይ ግባት በኋላ እንደገና ውጪ። ከተማው ራሱ እንዲህ ነው የሚኖረው፤ ሱቆች እኩለ ሌሊት ድረስ ክፍት ናቸው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ መንገድ ላይ ናቸው። ኅዳርና የካቲት ግን እጅግ ይሻላሉ።

ሜትሮ ላይ መሀል ካሉት ፉርጎዎች የሴቶች ብቻ የሆኑ አሉ፤ እዚያ ተሳፈሪ። ወንድ ከተከተለሽ ቆመሽ አትከራከሪ፤ ሱቅ ግቢና ባለሱቁን ንገሪው፤ እነሱ ራሳቸው ያባርሩልሻል። ትከሻሽን የሚሸፍን ነጠላ ያዢ፤ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ያገለግልሻል። ታክሲ በስልክ መተግበሪያ ጥሪ፤ ዋጋው አስቀድሞ ስለሚታይ ጭቅጭቅ የለም። ጊዛ ላይ ግመል «በነጻ ውጪ» የሚልሽን አትስሚ፤ መውረጃው ነው የሚከፈለው። ቡና ስታዝዢ ስኳር ካልፈለግሽ «ሳዳ»፣ መጠነኛ ከፈለግሽ «መዝቡጥ» በዪ።

ሮዳ ስትሄጂ መለኪያው ካለበት ጎን የዘፋኟ የኡም ኩልሱም ሙዚየም አለ፤ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ታዪዋለሽ። ዘበኛው ወደ ጉድጓዱ እንዲያወርድሽ ገና ስትገቢ ጠይቂ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጊ።